የቱን አጃ ልግዛ? የሁለት ወር ሙከራዬ

በባዶ ሆድ የተለካው የደም ስኳሬ 112 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ሆኖ ሲገኝ ሐኪሙ «ገና ስኳር በሽታ አልያዘሽም፣ ግን መንገዱን ጀምረሻል» አለኝና ሻይ ላይ የምጨምረውን ሶስት ማንኪያ ስኳር እንድተው፣ ቁርሴን ከነጭ ዳቦ ወደ አጃ እንድቀይር ነግሮ ሸኘኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ፣ ሱፐርማርኬት ስገባ ግን መደርደሪያው ሙሉ አጃ ነው፣ በቆርቆሮ አለ፣ በካርቶን አለ፣ ኢንስታንት የሚል አለ፣ ሮልድ የሚል አለ፣ የቱን እንደማነሳ ግራ ገባኝ። ሁለት ወር እየገዛሁ፣ እየበላሁ፣ ከሁለት ሰአት በኋላ ጣቴን እየወጋሁ ደብተር ላይ የጻፍኩትን ነው የማካፍላችሁ።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር እህሉ ሁሉም አንድ መሆኑን ነው። የተፈተገው ፍሬ በቢላ ሁለት ሶስት ቦታ ከተቆረጠ ስቲል ከት ይሉታል፣ በእንፋሎት በስሎ ከተዳመጠ ሮልድ ነው፣ የበለጠ በስሎ ስስ ሆኖ ከደቀቀ ኢንስታንት። የምንፈልገው ቤታ ግሉካን የሚባለውን ፋይበር ነው፣ ውሀ ሲያገኝ እንደ ተልባ የሚለጠልጠው እሱ ነው፣ ሆድ ውስጥም እንደዛው ወፍሮ ስኳሩ ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። ኮሌስትሮል ለመቀነስ ደግሞ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት መስሪያ ቤት በ1997 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን የሚለውን መጠን አስቀምጧል፣ ይሄ ወደ 75 ግራም ደረቅ አጃ ይሆናል። ፋይበሩ ሁሉም ጋ አለ፣ ግን ፍሬው በደቀቀ ቁጥር ስታርቹ (ወደ ስኳር የሚቀየረው ክፍል) ቶሎ ይፈጫል።

የመጀመሪያው ሳምንት ኢንስታንት ነበር፣ ጣእም ያለው በሳሼ የሚመጣው። ፈላ ውሀ ማፍሰስ ብቻ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ልኬቱ 178! ካርቶኑን ገልብጬ ሳነብ በአንድ ሳሼ 12 ግራም ስኳር ይላል፣ ይሄ እኮ ሶስት የሻይ ማንኪያ ነው፣ ከሻዬ ላይ ያነሳሁትን ስኳር መልሼ በአጃ እየበላሁት ነበር። የወተት ዱቄትም አለው፣ ለጾም አይሆንም። እባካችሁ የፊቱን ስእል ትታችሁ ከኋላ ያለውን አንብቡ፣ «አጃ» ከሚለው ውጪ ሌላ ነገር ከተጻፈበት መልሱት።

ቀጥሎ ምንም ያልተጨመረበትን ሮልድ ገዛሁ፣ 40 ግራም በውሀ አብስዬ በትንሽ ጨው፣ 149። ጥሩ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ጠዋት ለሚቻኮል ሰው እሱን እመክራለሁ።

ከዛ እናቴ ደብረ ብርሃን ስለሆነች የአጃ አጥሚት ዱቄት ላከችልኝ። ይሄ የኛ ነው፣ ተፈጥሮአዊ ነው ብዬ በማር ጠጣሁት፣ 171 ወጣ። ማሩን ትቼ ደገምኩት፣ 158። አላመንኩም፣ በሶስተኛው ቀንም ያው ሆነ፣ ዱቄት ነዋ፣ ሆድ የሚፈጨው ምንም አልቀረውም። ለእማዬ እንዴት ብዬ እነግራታለሁ ብዬ ተጨንቄ ስደውልላት «እሱማ ለአራስና ለታመመ ነው፣ ቶሎ ጉልበት እንዲሰጥ፣ አንቺ አራስ ነሽ እንዴ? ቂንጬውን ብዪ» አለችኝ። በጣም ነው የገረመኝ፣ እኔ በመርፌ የደረስኩበትን እሷ ለማን ምን እንደሚቀርብ አድርጋ ታውቀዋለች።

ሾላ ገበያ ሄጄ 2 ኪሎ የተፈተገ አጃ ገዛሁ። እፍኝ አድርጋችሁ አሹት፣ ገለባ ከበዛበት ጉሮሮ ይከረክራል፣ አንድ ሁለት ፍሬ ደግሞ አኝኩ፣ ከመረረ አሮጌ ነው። ሰፌድ ላይ ዘርግቼ ስለቅም ገብስና ስንዴ ብዙ ወጣልኝ፣ ስለዚህ ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የተከለከለ ሰው የገበያውን አጃ አይንካ። አጃ ቅባቱ ከስንዴ ይበልጣል፣ ጥሬውን ከተሰበረ ቶሎ ይመራል፣ ፋብሪካም በእንፋሎት የሚመታው ለዛ ነው፣ እኔ ለብ ለብ አድርጌ አምሼ ወፍጮ ቤት ወሰድኩትና ልጁን ድንጋዩን ከፍ አርገህ ሰባብርልኝ ብቻ፣ እንዳታደቀው አልኩት። ዱቄቱን በወንፊት አውጥቼ ቂንጬው ቀረ፣ ያው በውጭ ስቲል ከት ብለው በውድ የሚሸጡት ማለት ነው።

ማታ አጥቤ አንድ ስኒ በሶስት ስኒ ውሀ እዘፈዝፋለሁ፣ ጠዋት 25 ደቂቃ በቀስታ እሳት፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ግማሽ ማንኪያ ቅቤ፣ በጾም ዘይት። ፍሬው ጥርስ ላይ ይሰማል፣ ድስቱ ዳር ላይ ያ ልጥልጡ ነገር ይዞ ሲቀር ታዩታላችሁ። 131! እስከ ምሳ ድረስም አይርበኝም። ጊዜው ስለሚያስቸግር አሁን እሁድና ረቡዕ ብዙ አብስዬ ፍሪጅ አስቀምጣለሁ፣ ጠዋት ትንሽ ውሀ ጨምሬ አሞቀዋለሁ።

ቁጥሮቹ የኔ ሰውነት ናቸው፣ መድኃኒት የምትወስዱ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ ምንም እንዳትቀይሩ። ባለፈው ሳምንት በባዶ ሆድ 103 ነበርኩ። የሶስት ወሩን ምርመራ በሚቀጥለው ወር እሰራለሁ፣ ውጤቱን እጽፍላችኋለሁ። እስከዛ ቂንጬውን በተልባ ወይም በእርጎ የሞከራችሁና የለካችሁ ካላችሁ ልኬታችሁን ንገሩኝ፣ ቀጥሎ የምሞክረው እሱን ነው።