ከፊላደልፊያ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ፦ የፕሩፍ ሳንቲም ዱካ

ፊላደልፊያ ላይ ከባቡር ወርጄ ጥቂት ወደ ሰሜን እንደተራመድኩ የአሜሪካ ሳንቲም ማምረቻ ሕንፃ ብቅ አለ። ተቋሙ በ1792 በሕግ ቆመ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ይህ ቤት ግን በ1969 የተከፈተ አራተኛው ነው። ጉብኝቱ ነጻ ነው። ፎቶ ማንሳት ስለማይፈቀድ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ መግባት ይበጃል። በ1901 ከተከፈተው ሕንፃ የመጡት ሰባት የቲፋኒ ሞዛይኮች የጥንት ሮማውያንን ሳንቲም አሠራር ያሳያሉ፤ እነሱን ሳያዩ ማለፍ ያስቆጫል።

ከመተላለፊያው መስታወት ቁልቁል የሚታዩት ፕሬሶች ለዕለት ገበያ የሚሆነውን ያመርታሉ። ፕሩፍ፣ ማለትም ለዕለት ገበያ ሳይሆን ለስጦታና ለሰብሳቢዎች በልዩ ጥራት የሚመታ ሳንቲም፣ ሌላ እንክብካቤ ይጠይቃል። ያልተመታው ክብ ብረት ይወለወላል፤ የስታምፓው (ምስሉን ብረቱ ላይ የሚያትመው ማኅተም) መደብ፣ ማለትም በምስሉ ዙሪያ ያለው ሜዳ፣ መስታወት እስኪመስል ይለሰልሳል፤ ምስሉ ያረፈበት ክፍል ደግሞ ሆን ተብሎ ይደበዝዛል። ከዚያ ብረቱ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ አንድ ምት ብቻ ከሆነ ብረቱ ጥቃቅኑን ቅርጽ አይሞላም።

ፕሩፍ መጀመሪያ የስጦታ ዕቃ ነበር። በ1834 ለሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) ንጉሥና ለሙስካት (በዛሬዋ ኦማን) ገዥ የሚበረከት ስብስብ ተዘጋጅቷል። ዳይሬክተሩ ጄምስ ሮስ ስኖደን በ1858 ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ። ሽያጩ በ1916 ቆመ፣ በ1936 ተመለሰ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ከ1942 በኋላ እንደገና ተቋረጠ። በ1950 ሲመለስ በላያቸው የተጻፈው ዋጋ ተደምሮ 91 ሳንቲም የሆነ አምስት ሳንቲሞች በ2 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጡ፤ የወጣው 51,386 ስብስብ ነበር። በ1964 ግን ቁጥሩ 3,950,762 ደረሰ። የ1950ው ውድ፣ የ1964ቱ ርካሽ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው።

የ1950ዎቹን መጀመሪያ ስብስቦች የሚያበላሻቸው ማሸጊያው ነው። እያንዳንዱ ሳንቲም በሴሎፎን ከረጢት ገብቶ ከረጢቶቹ በአንድነት በስቴፕለር ሽቦ ተያይዘዋል። ሽቦው ሲዝግ ዝገቱ ወደ ሳንቲሙ ይዛመታል። ሽቦውን መንቀል ጉዳት ያስከትላል፤ ሴሎፎኑን ከሽቦው በተቃራኒ ጫፍ ቆርጦ ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ ይዞ ማውጣት ይሻላል። ቅባት ካለበት ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ይነከር፤ ክፍት አየር ይኑር፣ እሳት ይራቅ። ማሸት አይፈቀድም፤ በጣም ለስላሳ ጨርቅ እንኳ መስታወቱ ላይ የጸጉር ያህል ጭረት ይተዋል። አዲስ ማስቀመጫ ሲመረጥ ከፒቪሲ ላስቲክ መራቅ ያስፈልጋል፤ ውሎ አድሮ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ያወጣል።

በ1968 ፕሩፍ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ዞረ፤ ዋጋው 5 ዶላር፣ ማሸጊያው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ምልክቱ «ኤስ» ፊደል። እኔም ተከትዬው ሄድኩ። ሕንፃው አለት ላይ ቆሟል፤ ጎብኚ አያስገባም፤ ከመንገዱ ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነው። ስታምፓዎቹ ግን የሚሠሩት ፊላደልፊያ ነበር፣ ፊደሉም በእጅ እየተመታ ይቀረጽ ነበር። አንዳንዱ ስታምፓ ፊደል ሳይመታበት አለፈ። የ1968፣ የ1970 እና የ1975 ባለ 10 ሳንቲም፣ የ1971 ባለ 5 ሳንቲም «ኤስ» የሌላቸው የተገኙት በዚህ ነው። የ1975ቱ የሚታወቀው ሁለት ብቻ ነው፤ የ1971ዱ 1,655 ያህል ይገመታል።

በዚያ ዘመን ለገበያ የሚመታው የፊላደልፊያ ሳንቲምም ፊደል ስለሌለው ብዙዎች «ኤስ» የሌለው ፕሩፍ ነው ብለው ይሳሳታሉ። በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር መጀመሪያ መደቡ በእውነት መስታወት መሆኑን፣ ጠርዙም ስል መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ባለ 10 ሳንቲሙ ላይ ከዓመተ ምሕረቱ በላይ ያለው ቦታ ይታይ፤ ፊደል ተፍቆ ከሆነ ነጸብራቁ እዚያች ነጥብ ላይ ይሰበራል።