ደሴ ላይ ጥብቅና ለምትጀምሩ
ከሕግ ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ቶሎ የሚያርፍበት ጉዳይ ብድር ነው። አንዲት እናት ከኮምቦልቻ መጥተው «ልጄ፣ ለአንድ ሰው 40,000 ብር አበድሬው ካደኝ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የጽሑፍ ውል ግን የለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ደግሞ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። አምስት ጎረቤት ቢመሰክርም አያድናቸውም። 500 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ እያወቁ ይህን ለእሳቸው ማስረዳት ያማል፤ ቢሆንም ክፍያ ከመቀበል በፊት መነገር አለበት።

የባንክ ደረሰኝ ካለ ጠይቁ። ደረሰኙ ገንዘቡ መተላለፉን እንጂ ብድር መሆኑን ብቻውን አይናገርም፤ «እከፍልሻለሁ» የሚል መልእክት ስልካቸው ላይ ካለ እንዳይጠፋ አድርጉ። ወረቀት ካለ የሁለት ምስክሮች ፊርማ መኖሩን እዩ።

ቀጠሮም ቀላል ነገር አይደለም። ከሳሽ ቀርቶ ተከሳሽ ቀርቦ ከካደ ክሱ ይሰረዛል፤ በቂ ምክንያት አቅርቦ ለማስነሳት ያለው ጊዜ 1 ወር ነው። በክረምት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ መኪና ይዘገያል፤ ደንበኛችሁን በጠዋት አስነሷቸው።