ቀዩ የዘይት መብራት

በአሮጌው መኪናዬ ላይ ሰሞኑን የሚታየው ነገር እንዲህ ነው፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የዘይቱ መብራት ይጠፋል፤ በደንብ ከሞቀ በኋላ ግን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ እየዞረ) ሲቆም ብልጭ ድርግም ይላል፤ ነዳጅ ትንሽ ሲሰጠው ወዲያው ይጠፋል። ይህ መብራት የሚጠብቀው የዘይቱን ግፊት እንጂ መጠኑን ስላልሆነ፣ በመለኪያ ዘንጉ ዘይቱ ሙሉ መሆኑን ማየቴ ብዙም አላረጋጋኝም። ጨርሶ የማይጠፋ ቢሆን ኖሮ ሞተሩን ዳግም አላስነሣም ነበር፤ ዘይት ያጣ ብሮንዚና (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ተሸካሚ ብረት) ለመበላት ብዙ ጊዜ አይፈልግምና።

በዚህ ጊዜ የሚሰጠው የተለመደ ምክር «ሴንሰሩን ቀይረው» የሚል ነው። ሴንሰሩ፣ ማለትም የዘይቱን ግፊት እየተከታተለ መብራቱን የሚያበራው ክፍል፣ በእርግጥ ያረጃል። ሽቦውም ተልጦ ከሞተሩ አካል ጋር ከተነካካ መብራቱ ያለ ምክንያት ይበራል፤ የድሮ ሴንሰሮች ግፊት ሲወርድ መብራቱን የሚያበሩት ሽቦውን ከቦዲ ጋር በማገናኘት ነውና። ቁልፉን ከፍቼ፣ ሞተሩን ሳላስነሣ፣ ሽቦውን ከሴንሰሩ ነቀልሁት። መብራቱ ጠፋ፤ ስለዚህ ሽቦው ጤነኛ ነው።

ቀጥሎ ሴንሰሩን ፈትቼ በቦታው የግፊት ጌጅ (መለኪያ) አሰርሁ። ሞተሩ ሲሞቅ ጌጁ በሚኒሞ 0.4 ባር (ባር የግፊት መለኪያ አሃድ ነው)፣ በደቂቃ 2000 ዙር ሲዞር ደግሞ 1.5 ባር ያህል አሳየ። ብዙ ሴንሰሮች መብራቱን የሚያበሩት ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ባለው መካከል ስለሆነ፣ መብራቱ የሚናገረው እውነት ነበር። በዘይት መምጠጫው ላይ ያለው ወንፊት ተደፍኖ ቢሆን ዙሩ ሲጨምር ግፊቱ መድከም ነበረበት፤ የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቶ ቢሆን ደግሞ ቀዝቃዛው ሞተርም ደካማ ግፊት ያሳይ ነበር። ሁለቱም አልታዩም። የሚቀረኝ ጥርጣሬ የቀጠነ ዘይት፣ ያረጀ ፓምፕ ወይም ክፍተቱ የሰፋ ብሮንዚና ነው፤ እኔ ወደ መጨረሻው አደላለሁ።

በ10W-40 ዘይት ፈንታ ወፍራሙን 20W-50 ብጨምር መብራቱ ዝም ሊል እንደሚችል አውቃለሁ (መኪና ሊሸጥ የፈለገ ሰው ይህን ዘዴ ሳይወደው አይቀርም)፤ ነገር ግን ወፍራም ዘይት ያረጀውን ብሮንዚና አይመልሰውም። አሁን ዘይቱንና ፊልትሮውን አምራቹ ባዘዘው ዓይነት ለውጬ፣ ሞተሩን አሙቄ፣ እንደገና እለካለሁ። ቁጥሩ ካልተሻሻለ ከሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ ወርዶ ፓምፑና ብሮንዚናዎቹ ይታያሉ፤ እስከዚያው መኪናው አይነዳም።