ከማሽን ሥር ያለው ዘንቢል

መብራት ለአንድ ሰዓት የጠፋ ቀን፣ ማታ የኮሌታ ክፍል ሰሌዳ ላይ 483 ተጽፎ አየሁ። በማግስቱ መብራት ሳይቆራረጥ ዋለ። ማታ ቁጥሩ 481 ነው። ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ። አልነቃሁም።

ሸሚዝ የሚሰፋ ጋርመንት ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ኮሌታ ክፍል 11 ሴቶች አሉ። የእያንዳንዷ ታርጌት በቀን 480 ነው፤ በሰዓት 60 ማለት ነው። ማታ ማታ ቁጥራቸው ከነስማቸው ሰሌዳ ላይ ይወጣል። 481፣ 484፣ 482። አይወርድም፣ አይወጣም። ከ480 በላይ ለሠራ ቦነስ አለ ቢባልም ያው ነው። እኔም «ሰንፈዋል፤ ገንዘብ እንኳ አያነቃቸውም» ብዬ ደመደምኩ። ለአለቃዬ በጻፍኩት ሪፖርት ላይም ያሰፈርኩት ይህንኑ ነው።

በዚህ መሃል አንዲት አዲስ ልጅ ተቀጠረች። እጇ ለጉድ ነው። ኮሌታውን ገጥማ፣ ጫፉን አዙራ፣ ክሩን ቆርጣ እስክትጥል ዓይን አይደርስባትም። በሦስተኛ ቀኗ 610 ሠራች። ደስ ብሎኝ ሁሉም ፊት አጨበጨብኩላት። አሁን ሳስበው ልጅቷን የጎዳኋት በዚያ ጭብጨባ ነው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ካፍቴሪያ ገባሁ። የኮሌታ ሴቶች ምሳ ዕቃቸውን አንድ ላይ ከፍተው፣ የአንዷን ሽሮ ከሌላዋ ምስር ጋር እያደረጉ ነው የሚበሉት። ልጅቷ ጥግ ይዛ ብቻዋን ትበላለች። ማንም አልሰደባትም። ማንም ክፉ አልተናገራትም። «ነይ እንብላ» የሚላት ብቻ ጠፋ። እንጀራ ቀርቦ «እንብላ» አለመባል ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ከስድብ ይከፋል። በሳምንቱ የልጅቷ ቁጥር 484 ሆነ። ምሳ ሰዓት ላይም መሃላቸው ገብታ፣ ስትስቅ አየኋት።

ዘንቢሉን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። የወደቀ መቀስ ላነሳ ጎንበስ ስል፣ ከአንጋፋዋ ሠራተኛ ማሽን ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ የለበሰ ዘንቢል አየሁ። ገለጥ አደረግኩት። ያለቀለት ኮሌታ ነው፤ ሃያ ሃያው በክር ታስሯል። ስቆጥረው 340 ሆነ። የመብራቱ ቀን ነገር ያኔ ተገለጠልኝ። የተረፋቸውን ያስቀምጣሉ፤ በጎደለ ቀን አውጥተው ይሞሉበታል።

መጠየቅ ነበረብኝ። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት እዚያው ፊቴ ተቀምጠዋል። «እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብላቸው ይነግሩኝ ነበር። እኔ ግን ቀጥ ብዬ ቢሮ ገባሁና ተናገርኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ክፍሉ ተበተነ። ሴቶቹ በየላይኑ ተደለደሉ፤ ቦታቸውን ከሌላ ክፍል የመጡ ያዙት። ቁጥሩ 400 እንኳ አልሞላ አለ። ኳሊቲ የሚመልሰው በዛ። ላይኖች ኮሌታ እየጠበቁ ሥራ ፈቱ። ከሴቶቹ ሁለቱ ለቀቁ፤ አንዷ ያቺ እጀ ፈጣን ልጅ ናት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከወር በኋላ ሰርቪስ ስንጠብቅ እትዬ አጠገቤ ቆሙ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ አንተ ሳትመጣ ታርጌቱ 400 ነበር» አሉኝ።

«በርቱ አሉን፣ በረታን። 480 አደረስነው። ወዲያው ከእንግዲህ ታርጌታችሁ 480 ነው ተባልን። መድረስ ያቃታቸው ሦስት ልጆች ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። አንዷ ከወለደች ገና መመለሷ ነበር። ቦነስ ስትሉን ደግሞ፣ አሁንስ 550 ሊያደርጉት ነው አልን።»

«ዘንቢሉስ?»

«ዘንቢሉ የእኔ መሰለህ? ልጇ የታመመባት፣ ማሽን የተበላሸባት ናት የምትወስደው።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። እኔ ሪፖርቴ ላይ ስንፍና ብዬ የጻፍኩት ይህንን ነው።

ማኔጅመንት የተማረ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ምንም አልደነቀውም። በአሜሪካ፣ ቺካጎ አጠገብ፣ ሃውቶርን በሚባል የዌስተርን ኤሌክትሪክ ፋብሪካ የተደረገ ጥናት እንዳነብ ሰጠኝ። ሃውቶርን ሲባል ብዙ ሰው የሚያነሳው የክፍሉን ብርሃን እየቀያየሩ የሠራተኛውን ሥራ ያዩበትን ሙከራ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነው። ከ1931 መጨረሻ እስከ 1932 እንደ ፈረንጆቹ፣ የስልክ ማዞሪያ ዕቃ ሽቦ የሚያገጣጥሙ 14 ወንዶች አንድ ክፍል ገብተው ሥራቸው በቅርብ ይታይ ነበር። የቀን ሥራ ይህን ያህል ይበቃል ብለው በመካከላቸው ቆርጠዋል። ብዙ የሠሩበትን ቀን ትርፍ ሳያስመዘግቡ ይዘው፣ ባነሰ ቀን ይሞሉበታል። ከልኩ ያለፈውን ክንዱን በቡጢ ይመቱታል። ለምን ሲባሉ፣ ብዙ ከሠራን ሒሳቡን ይቀንሱብናል፣ ወይም ከመካከላችን ሰው ይባረራል የሚል ፍርሃት አላቸው። ጊዜው ሥራ የጠፋበት የጭንቅ ዘመን ነው። አንብቤ ስጨርስ ዘንቢሉ ዓይኔ ላይ መጣ። እነሱ ክንድ መቱ፤ የኛዎቹ «እንብላ» ከለከሉ። እዚያም እዚህም የፈሩት አንድ ነገር ነው።

በማግስቱ አለቃዬ ጋ ገባሁ። ሪፖርቴ ስህተት እንደነበር ነገርኩት። የ400ውን ታሪክ ከድሮው መዝገብ አውጥቼ አሳየሁት። መጀመሪያ ተቆጣ፤ ኋላ ሰማኝ። አንድ ወረቀት ጻፍን። የያዝነው ትዕዛዝ እስኪያልቅ ታርጌቱ ከ480 ንቅንቅ አይልም፤ ከዚያ በላይ ለተሠራ ለእያንዳንዱ ኮሌታ ይከፈላል። ፊርማና ማህተም ተደርጎበት ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። የቀሩት ሴቶች ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ስም ለስም መጻፉን አስቀረሁ፤ የክፍሉ አማካይ ብቻ ይውጣ አልኩ። ማጨብጨቡንም ተውኩ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ 482፣ 481። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። አልፈረድኩባቸውም። የቤት ኪራይ የተጨመረባት አንዲት ልጅ ብቻ ትንሽ ትንሽ ከፍ ታደርግ ነበር። ደመወዝ ሲወጣ የልጅቷ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አየሁ። እያንዳንዷ በጣቷ ቁጥሩን እየተከተለች ታነበዋለች። እትዬ መነጽራቸውን አውጥተው ሁለት ጊዜ አዩት። ታርጌቱ በማግስቱም 480 ነበር። በወሩም 480 ነበር። አማካዩ ቀስ እያለ 540 ገባ።

ትዕዛዙ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን መብራት ሁለት ሰዓት ጠፋ። ማታ ወደ ሰሌዳው ሄድኩ። እትዬ ጠመኔ ይዘው ቆመዋል። 405 ብለው ጻፉና እጃቸውን አራግፈው ወደ ሰርቪስ ሄዱ።