ሦስቱ ቋሚዎች

«እኛ አላልንም። የቅርስ ባለሙያው ራሱ ነው የጻፈው።»

ይህን ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል። አሁንም ሪፖርት ልጽፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ይሰማኛል።

ቤቱ ከፒያሳ ወረድ ብለው ካሉት አሮጌ ሰፈሮች በአንዱ ውስጥ ነበር። ባለ አንድ ፎቅ፣ ታቹ ድንጋይ በጭቃ፣ ላዩ እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ የእንጨት በረንዳ። አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ዓይነቱን ያውቀዋል። ጣይቱ ሆቴል፣ የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ቤት፣ ሁሉም የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች ከአገሬው አናጢና ግንበኛ ጋር እጅ ለእጅ የሠሩበት ዘመን ነው። ይሄኛው ቤት ግን ስም የለውም። የራስም የቢትወደድም አልነበረም፤ የአንድ ነጋዴ ቤት ነበር። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ እሱም ተወረሰ። ከዚያ በኋላ በኮምፔንሳቶ ተከፋፍሎ ዘጠኝ አባወራ ገባበት።

የተላክሁት ልኬት እንድወስድና የጉዳት ሪፖርት እንዳዘጋጅ ነው። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ላይ ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት ከኋላ ከኋላዬ ይከተሉኛል፤ የምነካውን ሁሉ ይነካሉ። በረንዳው ላይ አሥራ አራት ቋሚዎች አሉ። እንጨት የምፈትሸው በኪስ ቢላ ነው። ቢላውን በእያንዳንዱ ቋሚ ግርጌ ጫን አደርጋለሁ። ጤነኛ እንጨት ጫፉን እንኳ አያስገባም። አሥራ አንዱ እንደ ድንጋይ ናቸው። በምዕራብ ጥግ ያሉት ሦስቱ ላይ ግን ቢላው እስከ እጀታው ሰጠመ። ሳወጣው እርጥብ ቡናማ ዱቄት ይዞ ወጣ።

ቀና ብዬ አየሁ። ልክ ከሦስቱ በላይ አሸንዳው ተቀዶ ተንጠልጥሏል። የጣሪያው ውሃ በሙሉ እዚያ ጥግ ላይ ይወርዳል። ግርጌው ደግሞ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ለማጠናከር ብሎ ያደረገው ነው። ሲሚንቶ ውሃውን እንዳይተን ያፍነዋል፣ እንጨቱም ከውስጥ ይበሰብሳል። በኖራ ቢሆን ኖሮ ይተነፍስ ነበር። ይህን ስነግራቸው እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሸንዳውን ላሠራ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ» አሉኝ። «ወረዳ ስሄድ ቅርስ ስለሆነ እኛ አንፈቅድም አሉኝ። ወደ ቅርሶቹ ስሄድ የቀበሌ ቤት ስለሆነ ባለቤቱ ይጠይቅ አሉኝ።»

አላጋነኑም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ያለ ፈቃድ አይጠግንም። የተመዘገበ ቅርስም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ አይነካም። ሁለቱም ሕግ ለየራሱ ልክ ነው። በሁለቱ መሀል ግን ስድስት ሜትር የማይሞላ ቆርቆሮ ክረምት ከበጋ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ቢሮ ተመልሼ መጻፍ ጀመርኩ። በመጀመሪያ የጻፍኩት ያየሁትን ነው፤ ከአሥራ አራት ቋሚ ሦስቱ፣ ከግርጌ አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ምክንያቱ የተቀደደ አሸንዳ። ሳነበው ትንሽ ነገር መሰለኝ። እንዲህ ያለ ሪፖርት በጀት እንደማያመጣ ልምዴ ነግሮኛል። «አነስተኛ ጉዳት» የሚል ፋይል መደርደሪያ ላይ ነው የሚያድረው። ስለዚህ ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሕንፃው በአሁኑ ወቅት እጅግ አሳሳቢና ለነዋሪዎች ሕይወት አስጊ በሆነ ሁኔታ ላይ ይገኛል።» የሦስቱ ቋሚዎች ዝርዝር ገጽ አሥራ አንድ ላይ ሄደ። እንዲደነግጡ ፈልጌ ነበር። ደንግጠው ገንዘብ እንዲመድቡ።

ከሁለት ወር በኋላ ወረዳው የነዋሪዎች ስብሰባ ጠራ፤ እኔም ተጋበዝኩ። የጥገና በጀቱን ሊያበስሩ መስሎኝ ሥዕሎቼን ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። ሰብሳቢው ተነሡና ቦታው ለመልሶ ማልማት እንደሚፈለግ፣ ቤቱም አደገኛ እንደሆነ ተናገሩ። ከአዳራሹ ጉምጉምታ ተነሣ። አንድ ወጣት «ቅርስ ነው እኮ፣ ተመዝግቧል!» አለ። ያኔ ነው ሰብሳቢው ፋይሉን ገልጠው የኔን ዓረፍተ ነገር፣ ቃል በቃል፣ ረጋ ብለው ያነበቡት። ማኅተሙንም ከፍ አድርገው አሳዩ።

«እኛ አላልንም። የቅርስ ባለሙያው ራሱ ነው የጻፈው።»

እጄን አወጣሁ። «ገጽ አሥራ አንድንም ያንብቡልኝ» አልኩ። «ጥገና ይደረግለት ነው የሚለው።»

«አንብቤዋለሁ፣ ኢንጂነር» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ጥገናው በጀት ይጠይቃል፣ በጀቱ እኔ ጋ የለም። አደጋው ግን እኔ ጋ ነው ያለው። ነገ ቤቱ ወርዶ ሕፃን ቢገድል፣ ሪፖርቱን አንብበህ ዝም ብለሃል የምባለው እኔ ነኝ። አስጊ ነው ወይስ አይደለም? አንዱን ንገረኝ።»

መልስ ነበረኝ። አይደለም፣ ሦስት ቋሚ ብቻ ነው ማለት እችል ነበር። ግን ፊርማዬ ያለበት ወረቀት ከፊታቸው ተቀምጧል። አይደለም ብል ውሸታም ነኝ፤ ነው ብል ቤቱ ይፈርሳል። «እንደ አያያዙ ነው» ብዬ ተቀመጥኩ። ዛሬም የሚያንገበግበኝ ያ መልስ ነው። እውነቱን ለመናገር አንድ ደቂቃ ተሰጥቶኝ ስሜን ለመጠበቅ አዋልኩት።

ስወጣ እናትየው በር ላይ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ እውነት አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አዎ፣ እማማ። እንዲጠገን ብዬ ነው።»

«ቢላህን ስትሰካ አብሬህ ነበርኩ። ሦስቱ ናቸው ብለህ ነግረኸኛል።»

«አዎ።»

«ታዲያ ሦስት ብለህ ለምን አልጻፍክም?»

አልጮኹም፣ አልረገሙኝም። ጠይቀው ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

ቤቱን በአንድ ቀን አላፈረሱትም። «ለጥንቃቄ» ተብሎ መጀመሪያ በረንዳው ተነሣ፣ አሥራ አንዱ ጤነኛ ቋሚዎችም አብረው ሄዱ። የጭቃ ግድግዳ በረንዳ የሚሠራለት ለውበት ብቻ አይደለም፤ ልብሱ ነው። ዝናብ ከግድግዳው የሚርቀው በእሱ ነው። ያንን ክረምት ግድግዳው ራቁቱን አሳለፈው። መስከረም ላይ የምዕራቡ ጥግ ተንዶ ወረደ። ሰው አልተጎዳም፣ ነዋሪዎቹ ቀድመው ወጥተው ነበር። ሪፖርቴ እውነት ሆነ ማለት ነው። ፋይሉ ላይ የሚነበበውም ይኸው ብቻ ነው።

በመሀሉ ሁለተኛ ሪፖርት ጽፌ ነበር። ሦስት ቋሚ፣ ስድስት ሜትር አሸንዳ፣ የኖራ ልስን፣ ሁሉንም በመጀመሪያው ገጽ ላይ። «የመጀመሪያው ጸድቋል» ተብሎ ተመለሰልኝ።

ከዚያ ወዲህ ቆጥሬ ነው የምጽፈው። ስንት ቋሚ፣ ስንት ሜትር፣ በስንት ቀን ሥራ እንደሚድን። «አሳሳቢ» የምትለዋን ቃል ከወረቀቴ አውጥቻለሁ። እንዲህ አድርጌ ከጻፍኩላቸው ቤቶች አንዱ «ጉዳቱ ቀላል ስለሆነ ለሚቀጥለው በጀት ይቆይ» ተባለ። ክረምቱን አልተሻገረም።

በቅርቡ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ረቂቁን እንዳይለት አመጣልኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ «እጅግ አሳሳቢና አስጊ» ይላል። ይህን አውጣ፣ የቆጠርከውን ቁጥር ፊት ላይ አምጣው አልኩት።

«ካልጮህን ማን ይሰማናል?» አለኝ።

የማውቀው የሁለት ቤት ታሪክ ነው፤ ሁለቱም የሉም። የእናትየውን ጥያቄ ነገርኩት። ጸጥ ብሎ አዳመጠኝና ረቂቁን መልሶ ፊቴ አስቀመጠው። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። ሰኔ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።