ያለ ሕዋስ የሚሠራው የሳይኖባክቴሪያ ሰዓት

ኒውክለስ የሌለው ሳይኖባክቴሪያ (በብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ) የራሱ የ24 ሰዓት ዑደት አለው። በ2005 የጃፓኑ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ የታካኦ ኮንዶ ቡድን ያሳየው ዛሬም ያስደንቀኛል፦ ካይኤ፣ ካይቢና ካይሲ የተባሉ ሦስት ፕሮቲኖች ከኤቲፒ (የሕዋስ ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል) ጋር ሲቀላቀሉ ሰዓቱ ያለ ጂን፣ ያለ ሕዋስ በመሞከሪያ ቱቦ ውስጥ ይዞራል።

ዋናው ካይሲ ነው፤ ስድስት ሆኖ ቀለበት ይሠራል። ካይኤ የካይሲን ጭራ ይይዝና ፎስፌት እንዲጨምር ይገፋዋል፤ መጀመሪያ ትሪዮኒን 432 (በፕሮቲኑ ሰንሰለት 432ኛው አሚኖ አሲድ) ላይ፣ ከዚያ ሴሪን 431 ላይ። ሁለቱ ሲሞሉ ካይቢ ቅርጹን ቀይሮ ቀለበቱ ላይ ይጣበቅና ካይኤን ጠልፎ ያስቀረዋል። ያኔ ፎስፌቱ በዚያው ቅደም ተከተል ይወርዳል፤ ካይኤም ተለቆ ዑደቱ ይታደሳል። የሰዓቱ ዝግታ የሚመጣው ከካይሲ ነው፦ ከቀለበቱ ስድስት አሃዶች አንዱ በቀን 15 ገደማ ኤቲፒ ብቻ ይሰብራል። ሙቀት ቢለዋወጥም ዑደቱ ብዙም አይዛባም።

ለሙከራው ካይሲና ካይቢ እያንዳንዳቸው 3.5 ማይክሮሞላር፣ ካይኤ 1.2፣ ኤቲፒ 1 ሚሊሞላር፣ ማግኒዚየም ክሎራይድ 5 ሚሊሞላር፣ ፒኤች 8፣ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ። በየ2 ወይም 4 ሰዓቱ ናሙና ወስዶ በኤስዲኤስ ጄል (ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ የሚለይ ዘዴ) ማየት ነው፤ ፎስፌት ያለውና የሌለው ካይሲ ተለያይተው ይታያሉ።

ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው መጠን ነው። ካይኤ ከበዛ ካይቢ ሁሉንም መጥለፍ ስለማይችል ካይሲ ፎስፌቱን እንደያዘ ይቀራል፤ ካነሰ ደግሞ ፎስፌቱ ወርዶ አይመለስም። ካይሲን ያለ ኤቲፒ ማቆየት ቀለበቱን ይበትነዋል። በደንብ ያልጠራ ፕሮቲን ደግሞ ኤቲፒውን ቀድሞ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ማጥራቱ ላይ አትቸኩሉ።