የኮምፓሱ እግር ከላይ ነው ከታች?

ለንደን ውስጥ አንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ የፍሪሜሶን (ምልክቶቹን ከግንበኞች ሙያ የወሰደ ማኅበር ነው) ዓርማ ያለባቸውን ባጆች ጥቁር ጨርቅ ላይ ደርድሯቸዋል። ሁሉም 6 ፓውንድ ናቸው፤ አንዱ ብቻ 18። ምን ቢለየው ነው ብዬ ስጠይቅ "ተሳስቶ የተሠራ ነው፣ ብርቅ ነው" አለኝ። አየሁት፤ የኮምፓሱ ሁለት ጫፎች ከስኳድራው ሥር ገብተዋል። ስህተትም አልነበረም። ይህን እያወቅሁ ተከራክሬ 15 ፓውንድ ከፈልኩ። ገንዘቡ እስካሁን ይቆጨኛል፣ ባጁ ግን በመንገዱ ሁሉ ከኪሴ አልወጣም።

ዓርማው ሁለት የግንበኛ መሣሪያ ነው፤ ስኳድራ፣ ማለትም ቀጥ ያለ ማዕዘን መፈተኛው፣ እና ኮምፓስ፣ ማለትም ባለ ሁለት እግሩ ክብ መሥሪያ። በተለመደው አቀማመጥ ኮምፓሱ ራሱ ወደ ላይ ሆኖ እግሮቹን ወደ ታች ይከፍታል። ስኳድራው ደግሞ ማዕዘኑ ወደ ታች፣ ሁለት ክንዶቹ ወደ ላይ ናቸው። ሎጁ ሲሰበሰብ (ቱሪስት የሚያድርበት ሎጅ አይደለም፣ ፍሪሜሶኖች ማኅበራቸውን እንዲህ ይሉታል) ሁለቱ መሣሪያዎች በተከፈተው ቅዱስ መጽሐፍ ላይ ይቀመጣሉ። የትኛው ከላይ እንደሚውል የሚወስነው ሎጁ በዚያ ሰዓት የሚሠራበት ደረጃ ነው። በመጀመሪያው፣ በተለማማጁ ደረጃ፣ ሁለቱም የኮምፓስ ጫፎች በስኳድራው ይሸፈናሉ። በሁለተኛው፣ በሙያ ባልደረባው ደረጃ፣ አንዱ ጫፍ ብቻ ይወጣል። በሦስተኛው፣ በማስተሩ ደረጃ፣ ሁለቱም ከላይ ይሆናሉ። ቀለበት፣ መኪናና የሕንፃ በር ላይ የምናየው ይህ ሦስተኛው ነው። እንግዲህ የኔ "ብርቅ" ባጅ የተለማማጅ ነበር።

ግሬት ኲን ስትሪት ላይ ያለው ፍሪሜሶንስ ሆል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ አባላት መታሰቢያ እንዲሆን እ.ኤ.አ. ከ1927 እስከ 1933 የተሠራ ነው። የሙዚየሙ መግቢያ ነፃ ነው፤ ከገበያው በኋላ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። የትልቁ አዳራሽ የነሐስ በሮች እያንዳንዳቸው አንድ ቶን ከሩብ ይመዝናሉ። እኔ ግን ቀኑን የጨረስኩት የአንገት ጌጦቹ መስታወት ፊት ነው። የሎጁ ማስተር (ሰብሳቢው ማለት ነው፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ሁሉ አይደለም) አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ስኳድራውን ብቻ ነው፣ እሱም ማዕዘኑ ወደ ላይ። ከዓርማው ጋር ሲያስተያዩት የተገለበጠ ይመስላል፤ ዓርማውን ብቻ የሚያውቅ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሥልጣኑን ያስረከበ ማስተር በእንግሊዝ ያንኑ ስኳድራ ያደርጋል፣ ከሥሩ ግን የዩክሊድ 47ኛ ንድፈ ሐሳብ (የፓይታጎረስ የሚባለው) የተቀረጸበት ትንሽ ሰሌዳ ይንጠለጠላል።

የታላቁ ማስተር፣ የሎጆቹ ሁሉ የበላይ፣ ጌጥ ኮምፓስ ነው፣ በደንባቸው መሠረት 45 ዲግሪ የተከፈተ። በዓይን ግምት 45ን ከ60 መለየት ቀላል አይደለም። ወረቀት ቀድዶ በአንዱ እግር ርዝመት መለካት፣ ከዚያ ያንኑ ወረቀት በሁለቱ ጫፎች መካከል መዘርጋት ነው። እኩል ከሆነ 60 ዲግሪ ነው። የእግሩ ርዝመት 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በጫፎቹ መካከል 7.65 ሴንቲ ከተገኘ 45 ነው። መስታወት በመሃል ካለ አንድ ዓይን ጨፍኖ ልክ ከፊት ለፊት መቆም ያስፈልጋል፤ ወደ ጎን የዘመመ ሰው ሁልጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ያገኛል።

ወደ አየርላንዷ ሊምሪክ የሄድኩት ለአንድ ድልድይ ብዬ ነው። ስለ መንገዱ የምጽፈው የለኝም፣ ዝናብ ነበር። ማደሪያዬ ከመጠጥ ቤት በላይ ስለነበር እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ዘፈን ስሰማ አደርኩ። በ1830 አሮጌው የባልስ ድልድይ ፈርሶ ሲሠራ ከመሠረቱ ሥር በጣም የተበላ የናስ ስኳድራ ተገኘ። ላዩ ላይ 1507 የሚል ዓመትና የተቀረጸ ቃል አለ፤ "በፍቅርና በጥንቃቄ ለመኖር እጥራለሁ፣ በውሃ ልክና በስኳድራ" ማለት ነው። ድልድዩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ጃንጥላቸውን ለሁለታችን ዘርግተው ታሪኩን ከእኔ አሳምረው ነገሩኝ። ስሰናበታቸው "ግንበኛ ነህ?" አሉኝ። ከዚያ ጥያቄ የበለጠ የሚያኮራኝ አልሰማሁም።

ፓሪስ ላይ መሣሪያዎቹ ያው ሆነው ንግግሩ ይቀየራል። ሩ ካዴ 16 ቁጥር የፈረንሳይ ግራንድ ኦሪየንት የሚባለው የሎጆች ኅብረት ዋና ቤት ነው፤ ሙዚየሙም እዚያው ነው። ጸሐፊው ቮልቴር በ1778 ሊሞት ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ማኅበሩን ሲገባ ያደረገው የሜሶኖች ሽርጥ ይታያል። እንግሊዞቹ ስኳድራው ምግባርን ያስተካክላል፣ ኮምፓሱ ሰውን ከልክ እንዳያልፍ ይገድባል ይላሉ። እዚህ ስኳድራው ግዙፉ ዓለም ነው፣ ኮምፓሱ መንፈስ። ሦስቱ ደረጃዎችም በዚሁ ይነበባሉ፤ መጀመሪያ ግዙፉ መንፈስን ይሸፍናል፣ ቀጥሎ ይተካከላሉ፣ በመጨረሻ መንፈስ ያይላል። የፈረንሳዩ ያምራል። ስኳድራ ይዞ የሠራ ሰው ግን የእንግሊዙን ይመርጣል፤ መሣሪያው ከሚሠራው ሥራ ብዙ አይርቅም።

የፈረንሳይ ማስተር ስኳድራ ብዙ ጊዜ ክንዶቹ እኩል አይደሉም፤ የአንዱ 3 ከሆነ የሌላው 4 ነው። ይህ ለውበት ብቻ የተደረገ አይደለም። በአንዱ ክንድ ላይ 30 ሴንቲ፣ በሌላው 40 ሴንቲ ምልክት አድርጎ በምልክቶቹ መካከል ሲለካ 50 ካልመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ አይደለም። ሌላው መፈተኛ ስኳድራውን ቀጥ ካለ ጠርዝ አስጠግቶ መስመር ማስመር፣ ከዚያ በጀርባው ገልብጦ ከዚያው ነጥብ ደግሞ ማስመር ነው። ሁለቱ መስመሮች ከተለያዩ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የስህተቱ እጥፍ ነው።

"ጂ" የምትለዋ ፊደል እዚህ በዓርማው መካከል የለችም፤ ቦታዋ በሁለተኛው ደረጃ በሚታየው የሚንቦገቦግ ኮከብ ውስጥ ነው። በእንግሊዝ ብዙ ጊዜ ከሎጁ ጣሪያ ትንጠለጠላለች። በእንግሊዝኛ የእግዚአብሔር ስምም ጂኦሜትሪም በዚህች ፊደል ስለሚጀምሩ አንድ ፊደል ሁለት ሥራ ትሠራለች። በፈረንሳይኛ የቀራቸው ጂኦሜትሪ ነው፣ ስለዚህ የመሬት ስበትም፣ ሊቅነትም፣ ምሥጢራዊ ዕውቀትም እያሉ ይጨምሩበታል። (በአማርኛ ቢሆን እኛም ከጂኦሜትሪው ጋር ብቻ እንቀር ነበር።) ግራንድ ኦሪየንት በ1877 በፈጣሪ ማመን ግዴታ መሆኑን ከደንቡ አወጣ፤ የለንደኖቹም ግንኙነታቸውን ያቋረጡት በዚህ ነው። ስለዚህ በአንዳንድ ሎጆቹ ስኳድራና ኮምፓሱ የሚያርፉት በደንብ መጽሐፍ ወይም ምንም ባልተጻፈበት ነጭ መጽሐፍ ላይ ነው።

አሜሪካ ስደርስ "ጂ" ዓርማው መካከል ተቀምጣ ጠበቀችኝ። እዚያ መሠዊያው በሎጁ መሃል ላይ ይቆማል፤ በእንግሊዝ ግን መጽሐፉ ያለው በምሥራቅ፣ በማስተሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ "ዓርማው ወዴት ዞሯል?" ከማለት በፊት አንባቢው የት እንደቆመ መጠየቅ ይቀድማል። ብዙ የአሜሪካ ስኳድራዎች የኢንች ምልክት አላቸው። የድሮ ጸሐፊዎቻቸው ይህን አጥብቀው ነቅፈውታል፤ ልክም ናቸው። ምልክት ያለው የአናጢ ነው፣ የግንበኛው ስኳድራ ይፈትናል እንጂ አይለካም። በ1873 አንድ የዱቄት አምራች ዓርማውን የንግድ ምልክቱ ሊያደርግ ሲጠይቅ የፓተንት ኮሚሽነሩ ከልክሎታል።

ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ላይ ያለው የጆርጅ ዋሽንግተን የሜሶኖች መታሰቢያ ቁመቱ 333 ጫማ ነው። ግንቡ ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ ሊፍቶቹ 7.5 ዲግሪ ዘመው ይወጣሉ። ቱምቢና ውሃ ልክ በሚከበርበት ቤት ሊፍቱ ዘሞ ሲሄድ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከፊት ለፊቱ ሣሩ ላይ ግዙፍ ስኳድራና ኮምፓስ ተሠርቷል፣ "ጂ"ዋም አለች። ከላይ ከሰገነቱ ሲታይ ኮምፓሱ እግሮቹን ወደ ላይ ሰቅሏል፣ ፊደሏም ተዘቅዝቃለች። አብሮን የወጣ አንድ ጎብኚ "ገልብጠው ሠሩት እንዴ?" አለ። የተሠራው ከከተማው በኪንግ ስትሪት ሽቅብ ለሚመጣ ሰው ነው። ፎቶ የፈለገ ወርዶ ከሣሩ ግርጌ፣ ከተማውን ከኋላው አድርጎ ይቁም።